ከጋቢናው በታች የምትሰወረው ቪትዝ

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ በሚወስደው የፍጥነት መንገድ ላይ ተሳቢና ቪትዝ ጎን ለጎን ሲሄዱ ማየት የተለመደ ነው። በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው ይህ መንገድ በየአቅጣጫው ሦስት መስመር አለው። ከጅቡቲ ወደብ ጭነት የሚያመላልሱ ከባድ መኪኖችም፣ ቤተሰብ የጫኑ ትንንሽ መኪኖችም ይጋሩታል። በቪትዟ ውስጥ ያለው አሽከርካሪ የተሳቢውን ጎማ፣ የጎማውን ብሎን፣ በሩ ላይ የተጻፈውን ጽሑፍ ሳይቀር ያያል። እሱ ይህን ያህል እያየው፣ የተሳቢው ሾፌር እሱን የማያይ አይመስለውም። አደጋው የሚጀምረው ከዚህ ግምት ነው።

«ድንገት ገባብኝ» የሚለውን ምሬት ብዙ ጊዜ እንሰማለን። ወዲያው ሾፌሩ ንቀት እንዳለበት፣ ካልሆነም እንቅልፍ እንደያዘው ይወራል። እንዲህ ዓይነት ሾፌር የለም ማለት አይደለም። ነገር ግን ስፖኪዮውን አይቶ፣ ፍሬቻ አሳይቶ መስመር የሚቀይር ጠንቃቃ ሾፌርም ከጎኑ ያለችውን መኪና ላያያት ይችላል። ይህን ለመረዳት የሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ይበቃል።

የሾፌሩ ዐይን ከመሬት 2.5 ሜትር ከፍ ብሎ ይገኛል እንበል። የቀኙ በር መስኮት የታችኛው ጠርዝ ደግሞ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከዐይኑ ወደ ጎን 2 ሜትር ርቆ ነው። ከዐይኑ ተነሥቶ ያንን ጠርዝ ታክኮ የሚያልፍ መስመር በእያንዳንዱ 2 ሜትር ግማሽ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከበሩ ውጭ 2 ሜትር ርቆ ሲሄድ ገና 1.5 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። የቪትዝ ቁመትም ያንኑ ያህል ነው። ከበሩ በ2 ሜትር ውስጥ ያለች ቪትዝ እንግዲህ በዚያ መስኮት ጣሪያዋ እንኳ አይታይም። ሚኒባስ ብትሆን አናቷ ብቅ ይል ነበር።

በግራ በኩል ነገሩ ሌላ ነው። የመስኮቱ ጠርዝ ከሾፌሩ ዐይን 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚርቅ መስመሩ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከበሩ ውጭ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ 1.5 ሜትር ከፍታ ይደርሳል። በዚህ ስሌት የቀኙ ስውር ቦታ ከግራው 5 እጥፍ ይሰፋል። በቀኝ መቅደም ከደንብ ጥሰትነቱ በላይ አደገኛ የሚሆነው ለዚህ ነው። በአሜሪካ አውራ ጎዳናዎች ተሳቢ የሚነዱ ብዙ ወገኖቻችን ይህን በሥልጠና ይማሩታል። የአገሪቱ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ከተሳቢ ፊት 6 ሜትር፣ ከኋላ 9 ሜትር፣ በግራ አንድ መስመር፣ በቀኝ ሁለት መስመር ያህል ከሾፌሩ እይታ ውጭ እንደሆነ ይመክራሉ። እኛ አገር ረዳት አብሮ የሚሄድ ከሆነ በቀኝ በኩል አንድ ተጨማሪ ዐይን አለ ማለት ነው፤ ዋጋው ቀላል አይደለም።

ስፖኪዮስ? ጠፍጣፋ መስታወት ነገሩን በእውነተኛ መጠኑ ያሳያል፤ የሚያሳየው ቦታ ግን ጠባብ ነው። ሰፋ አድርጎ እንዲያሳይ ወደ ውጭ ይጎብጣል። የጎበጠ መስታወት ግን ስፋቱን የሚሰጠው ምስሉን እያሳነሰ ነው። የአውሮፓ ደንብ የከባድ መኪና ሰፊ እይታ ስፖኪዮ የጉብታው ራዲየስ ከ300 ሚሊ ሜትር እንዳያንስ ያዛል። ሾፌሩ እንዲህ ካለው ስፖኪዮ 1 ሜትር ርቆ ቢቀመጥ፣ ከስፖኪዮው 10 ሜትር ርቃ ያለች መኪና በጠፍጣፋ መስታወት ከምትታየው 7 ጊዜ ያህል አንሳ ትታየዋለች። ትንሽ ምስል ደግሞ የሩቅ ነገር ይመስላል። በዚያ ላይ መስታወቶቹ ብዙ ናቸው፤ መኪናው በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲሄድ እያንዳንዱ ሰከንድ 22 ሜትር ይበላል።

የእንግሊዙ የሊድስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 እ.ኤ.አ. ይፋ ባደረጉት ጥናት፣ በመስኮት በቀጥታ የሚያይ ሾፌር በስፖኪዮ ወይም በካሜራ ከሚያይ ሾፌር በ0.7 ሰከንድ ፈጥኖ ምላሽ እንደሚሰጥ አሳይተዋል። በሰዓት 24 ኪሎ ሜትር ለሚሄድ መኪና ይህ 4.7 ሜትር ነው። ለንደን ከተማ ለጋቢናዎች እንደ እይታቸው ስፋት ኮከብ የምትሰጠው ከዚህ በመነሣት ነው። ከጥቅምት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ12 ቶን በላይ የሆነና ሦስት ኮከብ ያላገኘ ከባድ መኪና ተጨማሪ ካሜራና ጠቋሚ መሣሪያ ካልገጠመ አይገባባትም። የአውሮፓ ኅብረትም ከሐምሌ 2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አዳዲስ ከባድ መኪኖች ሁሉ በስውር ቦታው ያለን ብስክሌተኛና እግረኛ የሚጠቁም መሣሪያ እንዲኖራቸው አስገድዷል። ትክክለኛው መንገድ ይኸው ነው፤ ሾፌርን ከመውቀስ ጋቢናውን ማሻሻል። የእኛ መንገዶች ግን ለረጅም ጊዜ ያገለገሉ መኪኖች የሞሉባቸው ናቸውና ትንሿ መኪና የራሷን ድርሻ መወጣት አለባት።

ድርሻዋ በጊዜ ይለካል። 16 ሜትር የሚረዝም ተሳቢ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየሄደ፣ 4 ሜትር ገደማ የምትረዝም ቪትዝ በ82 ብትቀድመው ከጎኑ 36 ሰከንድ ትቆያለች፤ ሁለቱ ጎን ለጎን 800 ሜትር ይጓዛሉ ማለት ነው። ገደቡ እስከፈቀደ ድረስ በ100 ብታልፈው ግን ጉዳዩ ከ4 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ያልቃል። እንደዚያ ማለፍ ካልተቻለ ከኋላ ርቀት ጠብቆ መከተል ይሻላል። በኔ እምነት ከሁሉም የከፋው ሳይቀድሙም ወደ ኋላም ሳይቀሩ፣ በስልክ ወሬ ወይም በሙዚቃ ተይዞ ከተሳቢ ጎን መጓዝ ነው።

አንድ ቀላል መፈተኛም አለ። ብርሃን በመጣበት መንገድ መመለስ ይችላል። የሾፌሩ ፊት በስፖኪዮው ውስጥ ከታየን እሱም በዚያው ስፖኪዮ ሊያየን ይችላል፤ ካልታየን በዚያ ስፖኪዮ ሊያየን አይችልም። ቢታየንም ግን በዚያች ቅጽበት እየተመለከተን ነው ማለት አይደለም።

የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛዎች አንድ ነገር ቢያደርጉ እመኛለሁ። ተማሪው ፈተና ከመቀመጡ በፊት የቆመ ተሳቢ ጋቢና ውስጥ አስገብተው መሪው ላይ ያስቀምጡት፤ ሌላ ሰው ደግሞ በቀኙ በር አጠገብ ቪትዝ ያቁም። አሥር ደቂቃ የማይፈጅ፣ ገንዘብም የማይጠይቅ ትምህርት ነው። ማሠልጠኛ ያላችሁ ከሚቀጥለው ዙር ጀምሩት።