ፀሐይ የሚያስነጥሳቸው

ክሬተር የሚባለው የየመኗ ወደብ የኤደን አሮጌ ሰፈር የተቆረቆረው በጠፋ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ ነው፤ ዙሪያውን ጥቁር ተራራ ከቦታል። ኤደንና ጎንደር ከምድር ወገብ ያላቸው ርቀት ተቀራራቢ ስለሆነ በሁለቱም ፀሐይ በሚያዝያና በነሐሴ አናት ላይ ትቆማለች። ልዩነቱ በነሐሴ ጎንደርን የክረምት ደመና ሲሸፍናት በኤደን ግን ዝናብ ብርቅ መሆኑ ነው።

እንዲህ ባለ ከተማ አንድ ሰው ከደብዛዛ ሱቅ ወደ መንገድ ወጣ እንበል። ዓይኑን ጨፈን፣ አንገቱን ቀና ያደርጋል፤ አፍንጫውን ይነዝረዋል፤ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ያስነጥሰዋል። «አልሐምዱሊላህ» ይላል፤ አጠገቡ ያለው «የርሐሙከላህ» ይለዋል፤ እኛ ጋ ቢሆን «ይማርህ» ነበር። ከዚያ ፀሐዩ ላይ ቆሞ ቢውልም አይደገምም፤ ሰውነቱ ብርሃኑን ለምዶታል። ጉንፋን አልያዘውም፣ አቧራም አልገባበትም። ያስነጠሰው ብርሃኑ ነው።

ይህ ጠባይ ያለው ሰው ጥቂት አይደለም። ጥናቶች ከመቶ ከ18 እስከ 35 ሰው ይላሉ። ሊያስነጥሰው ቃጥቶት እንቢ ሲለው ቀና ብሎ ፀሐይ የሚያይ ሰው ሁሉ ነገሩን በልምድ ያውቀዋል።

ጥያቄው ጥንታዊ ነው። በአርስቶትል ስም በሚታወቀው የጥያቄዎች መጽሐፍ የፀሐይ ሙቀት ሲያስነጥስ የእሳት ሙቀት ለምን አያስነጥስም ተብሎ ተጠይቋል። መልሱም ሙቀት የአፍንጫን እርጥበት ያነቃንቃል የሚል ነበር። በ17ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ቤከን ዓይን ተጨፍኖ ፊት ለፀሐይ ቢሰጥ ሙቀቱ እያለ ማስነጠሱ እንደሚቀር አስተዋለ። እኔ ከሁሉ የምወደው ይህን ነው፤ ያለ አንዳች መሣሪያ የመቶዎች ዓመታት ግምት ፈረሰ። ቤከን ራሱ ግን ምክንያቱን እንባ ወደ አፍንጫ መውረዱ አደረገው። እንባ እስኪወርድ ጊዜ ይፈልጋል፤ ማስነጠሱ ግን በሰከንዶች ውስጥ ይመጣል።

ዛሬ በብዛት የሚነገረው ማብራሪያ ከነርቭ ጋር የተያያዘ ነው። የፊትንና የአፍንጫን ስሜት ወደ አንጎል የሚወስደው አምስተኛው የራስ ቅል ነርቭ ነው፤ ማስነጠስን የሚቀሰቅሰውም እሱ ነው። ከዓይን የሚመጣው የብርሃን መልእክት ደግሞ በአንጎል ግንድ አካባቢ ከእሱ መንገድ ጋር ይጎራበታል። እንደ ተጠላለፈ የስልክ መስመር፣ ለዓይን የተላከው ጥሪ አፍንጫው ጋ ይደውላል። በ2010 እ.ኤ.አ. የዙሪክ ተመራማሪዎች የአንጎል ኤሌክትሪክ ሞገድ ሲለኩ ግን በእነዚህ ሰዎች ላይ ለእይታ የሚሠራው የአንጎል ክፍል ራሱ ለብርሃን ይበልጥ ንቁ ሆኖ አገኙት። ስለዚህ ሁሉንም በአንድ መጋጠሚያ ላይ ማላከክ የሚበቃ አይመስለኝም።

በዘር መተላለፉ ግን አያጠራጥርም። ከወላጆች አንዱ ካለው ልጁም የመውረስ ዕድሉ ግማሽ ያህል ነው።

በሽታ ስላልሆነ መድኃኒት አይፈልግም፤ ባርኔጣና ጥቁር መነጽር ይበቃል። ከጥላ ወደ ፀሐይ የሚወጣ ሾፌር ግን መነጽሩን አስቀድሞ ያድርግ፤ ሲያስነጥስ ዓይን ይጨፈናል። የዓይን ቀዶ ሕክምና የሚጠብቀውም ፀሐይ እንደሚያስነጥሰው ለሐኪሙ ይንገር። የማደንዘዣ መርፌ በዓይን ዙሪያ ሲወጋ ድንገት የሚያስነጥሳቸው ታካሚዎች አሉ፤ መርፌው ዓይን አጠገብ እያለ ራስ ከተወረወረ ጉዳቱ ከባድ ነው።