አሠቃይን ማን ይጠይቀው?

የታሰረን ሰው ማሠቃየት ወንጀል መሆኑን በአደባባይ የሚክድ መንግሥት የለም። ክርክሩ ማን ይጠየቅ የሚለው ላይ ነው። እንደሚታወቀው የኢራቁ የአቡ ግሬብ እስር ቤት ፎቶግራፎች በ2004 እ.ኤ.አ. ይፋ ከሆኑ በኋላ 11 የአሜሪካ ወታደሮች ተፈርዶባቸዋል። በ2002 የስቃይን ትርጉም አጥብበው ለመርማሪዎች መንገድ የጠረጉት የፍትሕ ሚኒስቴር የሕግ ባለሙያዎች ግን አልተከሰሱም። በሲ.አይ.ኤ. እስረኞች አያያዝ ላይ የተከፈተው ምርመራም በ2012 አንድም ክስ ሳይመሠረት ተዘጋ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይህ ነው።

ታዲያ በሩ ሁሉ ተዘግቷል? በእኔ እምነት አልተዘጋም። አንዱን በር እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቀዋለን። የቀይ ሽብሩ ባለሥልጣን ቀልቤሳ ነገዎ አትላንታ ውስጥ ሲገኝ፣ ያሠቃያቸው ሦስት ኢትዮጵያውያት ከሰሱት፤ በ1993 ፍርድ ቤቱ 1.5 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍላቸው ወሰነ። መሠረቱ፣ የውጭ ዜጋ ዓለም አቀፍ ሕግ ሲጣስበት በአሜሪካ ፍርድ ቤት ካሣ እንዲጠይቅ የሚፈቅደው የ1789 ሕግ ነበር። በዚሁ ሕግ መሠረት፣ በ2008 የተጀመረ ክስ ከረጅም ሙግት በኋላ በ2024 ቨርጂኒያ ውስጥ ለጁሪ ቀረበ፤ ለአቡ ግሬብ መርማሪዎችን ያቀረበው ሲ.ኤ.ሲ.አይ. የተባለ የግል ኩባንያ ለሦስት ኢራቃውያን 42 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ተፈረደበት።

ካሣ እስራት አይደለም፤ ትእዛዝ ሰጪውንም አልነካም። ቢሆንም የተበዳይን ቃል በፍርድ መዝገብ ላይ አስፍሯል። ለእህቶቻችን የተፈረደ ጊዜ ሕጉን ያመሰገንን ሰዎች፣ ተበዳዩ ኢራቃዊ፣ ተከሳሹ አሜሪካዊ ሲሆን ዝም ብንል፣ የፈለግነው ፍትሕን ሳይሆን ወገናችንን ብቻ ነበር ማለት ነው።