«ሥራ ሰው አይገድልም» የሚሉን

በደጋ ዳሞቷ ፈረስ ቤት አካባቢ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ «ደከመኝ» ብትል መልሱ የታወቀ ነው፦ «ምን ሠርተሽ ነው ልጄ? ደብተር ይዘሽ መዞር ምኑ ያደክማል!» እርፍ ጨብጦ የሚውል ገበሬ ባለበት አገር ድካም ማለት ወገብ መቆረጥ ብቻ ይመስላል።

ቆጥረን እንየው። መርሐ ግብሩ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ለአንድ ቀበሌ ሁለት ሴቶች ነበር የታሰቡት፤ ቀበሌው ደግሞ ወደ 5,000 ሰው ይይዛል። ክትባት፣ የነፍሰ ጡር ክትትል፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ የመጸዳጃ ቤት ቅስቀሳ፤ በኋላም የሕፃናት የሳንባ ምች ሕክምና ተጨመረ። እንደ ደጋ ዳሞት ባለ ተራራማ አገር ከጎጥ ጎጥ መሄድ ቁልቁለትና ዳገት ነው። ይህን እንኳ እግር ይለምደዋል። የማይለመደው ሌላው ነው፦ ዕቅዱ ከላይ ተቆጥሮ ይወርዳል፣ ሪፖርቱ ቀን ተቆርጦለታል፣ መድኃኒት ሲጠፋ ደግሞ የምትወቀሰው ደጃፍ ላይ የቆመችው ልጅ ናት።

አሜሪካዊው ተመራማሪ ሮበርት ካራሴክ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳየው ይህንኑ ነው። ሰውን ይበልጥ የሚጎዳው ሥራ በዝቶበት፣ በሥራው ላይ የመወሰን ሥልጣን ሲያጣ ነው። «ጭንቀት የአለቃ ሕመም ነው» የሚባለውም አይሠራም፤ በእንግሊዝ መንግሥት ሠራተኞች ላይ በተደረገው የታወቀ ጥናት በልብ ሕመም ይበልጥ ሲሞቱ የተገኙት ተላላኪዎችና በረኞች እንጂ አለቆቹ አልነበሩም።

«ሥራ ሰው አይገድልም» ለሚለውስ? የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ሥራ ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ግምት፣ በ2016 ብቻ 745,000 ሰዎች በሳምንት 55 ሰዓትና ከዚያ በላይ ከመሥራት ጋር በተያያዘ ስትሮክና የልብ ሕመም ሞተዋል። የእኛ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሳምንት 48 ሰዓት፣ ትርፍ ሰዓት ደግሞ እስከ 12 ይፈቅዳል። ሲደመር 60። ቡሬ ፋብሪካ የሚገባ ወጣት ሕግ ሳይጣስበት ከ55ቱ ሊያልፍ ይችላል ማለት ነው።

«ገጠር በዓሉ ያሳርፋል» የሚሉም አሉ። ግማሽ እውነት ነው። በ12፣ በ21፣ በ29 ሞፈር ይሰቀላል፤ እንስራ ግን አይሰቀልም። እንግዳ ሲበዛ የሴቷ ሥራ እንዲያውም ይብሳል፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋም ቤቷ ስትገባ የሚጠብቃት ይኸው ነው።

እንግዲህ ደብተር ይዛ ደጃፍዎ ስትቆም በርጩማ ያቅርቡላት። የእርስዎ ቤት ለዕለቱ ስንተኛዋ እንደሆነም ይጠይቋት።