ታብሌት በእጅ ሲያዝ

ታብሌት የሚባለው ጠፍጣፋ ኮምፒዩተር በከተማ ቤት ለልጆች መጫወቻ፥ ለጐልማሶችም ጋዜጣ ማንበቢያ ሆኖ ይታያል። በገጠር ግን ለብዙ ሴቶች የሥራ ዕቃ ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረውን የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ የሚያካሂዱት በየቀበሌው የተመደቡ ሴቶች መሆናቸውን አንባቢዎቻችን ያውቃሉ። እነዚህ ሠራተኞች የየቤቱን ሁናቴ የሚጽፉበት የቤተ ሰብ ማኅደር የተባለው የወረቀት መዝገብ፥ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በብዙ ስፍራ ወደ ታብሌት ሲዛወር ቈይቷል። ስለዚህ መሣሪያው በእጅ ሲያዝና ሲጻፍበት ይመቻል ወይስ አይመችም ብሎ መጠየቅ የእናቶችንና የሕፃናትን ጤና የሚነካ ጥያቄ ሆኗል።

ከደምበጫ ወደ ፍኖተ ሰላም በሚወስደው መንገድ ላይ ካለችው ከጅጋ ከተማ ወጣ ብሎ ባለ አንድ መንደር፥ አንዲት ሠራተኛ ቤት ለቤት ስትዞር ለማየት ዕድል አግኝተን ነበር። ከአንድ ግቢ ገብታ ታብሌቱን በግራ መዳፏ ይዛ፥ በቀኝ እጇ አንዲት ጣት ብቻ ትጽፍ ጀመር። በርጩማ ቢያቀርቡላትም ብዙ ቤት ይቀረኛል ብላ አልተቀመጠችም። አያቲቱ ሕፃኑን ታቅፈው ሲመልሱላት፥ እርስዋ አንገቷን ደፍታ መስተዋቱን ትመለከት ስለ ነበር ፊታቸውን እንኳ አላየችም። ጥቂት ቈይታ ግን እጇ ስለ ዛለ ተቀመጠች፤ ታብሌቱንም በታጠፈ ጋቢ ላይ አኑራ የጻፈችውን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች። «ኅዳር 3» ስትል አያቲቱ ቀበል አድርገው፥ «ኧረ ልጄ፥ የተወለደስ በኅዳር ሚካኤል ማግሥት ነው አላልሁሽምን?» አሏት። 13 ለመጻፍ አስባ ጣቷ አንዲቱን ቍጥር ስቶ ኖሯል። ሕፃን ከሚወለድበት ቀን ተቈጥሮ በ6፥ በ10ና በ14 ሳምንት ክትባት የሚሰጠው ስለ ሆነ፥ ስሕተቱ ባይታረም ኖሮ መዝገቡ ሕፃኑን 10 ቀን አስቀድሞ በጠራው ነበር።

ይህን ስንመለከት ስለ መሣሪያው ክብደት ማሰባችን አልቀረም። በ2002 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው አይፓድ 680 ግራም ያህል ይመዝን ነበር፤ በ2005 ዓ.ም. የመጣው ትንሹ አይፓድ ሚኒ ወደ 308 ግራም ወርዷል። እንስራ ሙሉ ውሃ ከወንዝ ለምታመጣ የጐጃም ሴት ይህ ምን ክብደት ይባላል? የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። ዳሩ ግን እንስራ በጀርባ ይታዘላል፤ ታብሌት የሚያዘው ከጫፉ በጣት ነው። ጫፉን የያዘ አውራ ጣትና የእጅ አንጓ፥ ወዲያኛው ጠርዝ ወደ ታች ሲስብ ያንን ሁሉ ብቻቸውን ይሸከማሉ። አንድ ደብዳቤ ለማንበብ ያህል አይሰማም፤ ከጧት እስከ ማታ ሲሆን ግን አንጓው ያማል። በጭን ላይ ባኖሩት ጊዜ ደግሞ እጅ ሲያርፍ አንገት ይጐብጣል።

አባቶቻችን ይህን ጣጣ ያውቁት ነበር። ቁም ጸሓፊ ብራናውን በጕልበቱ ላይ አስደግፎ ይጽፋል እንጂ በአየር ላይ አይዘውም፤ ትልቁ መጽሐፍ የሚነበበው በአትሮንስ ላይ ነው፤ መንገድ ሲሄድም መጽሐፉ በማኅደሩ ገብቶ በማንገቻ ከትከሻ ይንጠለጠላል። የታብሌት ሠሪዎች ግን ዕቃውን ማሳሳትን ስላበዙት የሚጨበጥ ጠርዝ እንኳ አላስቀሩለትም። ለዓይን ያምራል፤ ላብ ያለበት እጅ ግን ያንሸራትተዋል።

የአጻጻፉ ነገር ይልቁንም የከበደ ነው። የጽሕፈት መኪና ጣት የሚያርፍበትና ሲመታ የሚሰማ ቍልፍ አለው። መስተዋት ግን ሁሉ ስፍራው አንድ ነው፤ ጣት በላዩ ቢያርፍ እንደ ተጻፈ ይቈጥረዋልና እጅ ሳያርፍ ተንጠልጥሎ ይውላል፤ ዓይንም ከፊደሉ ሊነሣ አይችልም። በዚህ ላይ ፊደላችን ብዙ ነው። 33 ፊደል በ7 ሲባዛ 231 ይሆናል። የአማርኛን ፊደል ከጽሕፈት መኪና ጋራ ለማስማማት የደከሙትን ኢንጂነር አያና ብሩን ያስቸገራቸው ይኸው ብዛት ነበር። ዛሬ በተለመደው በድምፅ በሚጻፍበት ስልት ሳድሱ ፊደል በአንድ ንክኪ ሲጻፍ፥ የቀሩት ብዙዎቹ ሁለት ይፈልጋሉ። «ፍኖተ ሰላም» ብሎ ለመጻፍ ክፍቱን ቦታ ጨምሮ 11 ጊዜ መንካት ያሻል። በአንዲት ጣት! የመዝገቡ አዘጋጆች መልሱን ከተጻፈ ዝርዝር በማስመረጥ ይህን ድካም ሊያቃልሉት ይችላሉ፤ ስምና ቀን ግን መጻፉ አይቀርም።

ፀሐይ ሲበረታ መስተዋቱ የራስን ፊት መልሶ ያሳያል፤ በሐምሌም የዝናብ ጠብታ እንደ ጣት ሆኖ ያልታሰበ ፊደል ይነካል። ስለዚህ እንግዳዋን ከግቢ መካከል ከማቆም ከቤት ጥላ ሥር ማስቀመጥ ለቤቱም ይበጃል። ሠራተኛዋም ታብሌቱን በጣት ከጫፍ ከመያዝ፥ ሕፃን እንደሚታቀፉ በክንዷ ላይ አስተኝታ ወደ ደረቷ ብታስጠጋው ክብደቱን ክንዱ ይወስደዋል። ሲቀመጡ መከዳ ወይም ጋቢ ከሥሩ ማድረግ አንገትን ያድናል። ቀን ሲጻፍ ጮክ ብሎ ለባለቤቱ ማንበብ፥ ያቺ አያት እንዳደረጉት፥ ስሕተቱን ወዲያው ያስይዛል።

ከመለያየታችን በፊት ያቺው ሠራተኛ በታብሌቱ ማኅደር ጀርባ እጅ የሚገባበት የቆዳ ማነቆ ለማሰፋት ማሰቧን ነግራን ነበር። ቆዳውን ከአባቷ አሮጌ ቀበቶ እንደምትቈርጠው፥ ቅዳሜም ወደ ቆዳ ሰፊ እንደምትወስደው አጫወተችን፤ አባቷ ግን ገና አልሰሙም።