«ደቡብ ኦሞ»፣ «የታችኛው ኦሞ ሸለቆ» እና «ኦሞአዊ»፦ የሦስቱ ስያሜዎች ልዩነት

ስለ ጂንካና አካባቢዋ በሚዘጋጁ ጽሑፎች እነዚህ ሦስት ስያሜዎች አንዱ በሌላው ቦታ ሲገቡ ይስተዋላል። ሦስቱም መጠሪያቸውን ያገኙት ከኦሞ ወንዝ ቢሆንም፣ የመጀመሪያው አስተዳደርን፣ ሁለተኛው መልክዓ ምድርን፣ ሦስተኛው ቋንቋን ያመለክታል።

ደቡብ ኦሞ፦ የዞን ስም ነው። የዞን ወሰን በሕግ ይለወጣል። በ2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ሲመሠረት አሪ ራሱን የቻለ ዞን ሆኗል፤ ጂንካም ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ሆናለች።

የታችኛው ኦሞ ሸለቆ፦ ወንዙ ወደ ቱርካና ሐይቅ ከመግባቱ በፊት የሚያቋርጠው ቆላማ ምድር ነው። በውስጡ በተገኙ የጥንት ሰው ቅሪተ አካላትና የድንጋይ መሣሪያዎች ምክንያት እ.ኤ.አ. በ1980 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ኦሞአዊ፦ የቋንቋ ቤተሰብ መጠሪያ ነው። ቀደም ሲል «ምዕራብ ኩሻዊ» ይባል ነበር። አሪ፣ ሐመር፣ በና፣ ካሮ፣ ዲሜና ማሌ ኦሞአዊ ቋንቋ ይናገራሉ። በአንጻሩ የጎረቤቶቻቸው የዳሰነች፣ የአርቦሬና የፀማይ ቋንቋዎች ኩሻዊ ሲሆኑ፣ የሙርሲ፣ የቦዲና የኛንጋቶም ደግሞ ከናይሎ ሰሃራ ቤተሰብ ይመደባሉ። ስለዚህ በወንዙ ዳር የሚኖር ሁሉ ኦሞአዊ ተናጋሪ አይደለም። ኦሞአዊ ተናጋሪም ሁሉ በወንዙ ዳር አይኖርም፤ ከዓባይ ማዶ በመተከል የሚነገረው ሺናሻ ኦሞአዊ ነው። ወላይትኛና ካፊኛም የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው።

ተመሳሳይ ልዩነት በሰሜን አውሮፓም አለ። ስካንዲኔቪያ የሚባሉት ዴንማርክ፣ ኖርዌይና ስዊድን ሲሆኑ፣ ኖርዲክ የሚለው ስያሜ ፊንላንድንና አይስላንድንም ይጨምራል። ፊንላንድ በኖርዲክነት ከጎረቤቶቿ ጋር ብትቆጠርም የፊንላንድ ቋንቋ ግን ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች ጋር ዝምድና የለውም።

ልዩነቱን ማወቅ ለአገልግሎት አሰጣጥ ይጠቅማል። «የኦሞ ቋንቋ» የሚባል አንድ ቋንቋ የለም። ሐመርና በና እርስ በርስ ይግባባሉ፤ የሐመርኛ አስተርጓሚ ግን በጤና ጣቢያም ሆነ በችሎት የኛንጋቶም ባለጉዳይን ቃል ሊያስተረጉም አይችልም። በመሆኑም በቅጽ፣ በሪፖርትም ሆነ በማስታወቂያ ቦታን ሲጠቅሱ ዞኑንና ወረዳውን፣ ሕዝብን ሲጠቅሱ ሕዝቡ ራሱን የሚጠራበትን ስም፣ ቋንቋን ሲጠቅሱ የቋንቋውን ስም ለይቶ መጻፍ ይገባል።