የሽያጭ ብዛትና የትርፍ መጠን በኮምፒዩተር ንግድ

በንግድ ሥራ ብዙ መሸጥና ብዙ ማትረፍ ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። አንድ ነጋዴ በ800 ብር የገዛውን ዕቃ በ1,000 ብር ቢሸጥ 200 ብር ያተርፋል። ደንበኛ ለመሳብ ሲል ዋጋውን ወደ 900 ብር ዝቅ ቢያደርግ ግን ትርፉ በግማሽ ስለሚቀነስ፣ የቀድሞውን ያህል ለማግኘት ሽያጩን እጥፍ ማድረግ ይኖርበታል። የመጋዘንና የማጓጓዣ ወጪ ሲጨመርበት እጥፉም ላይበቃው ይችላል።

ለዚህም የግል ኮምፒዩተር ኢንዱስትሪ ታሪክ ግልጽ ማስረጃ ነው። የአሜሪካው አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በ1981 የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ሲያቀርብ፣ ፕሮሰሰሩን ከኢንቴል፣ ኦፐሬቲንግ ሲስተሙን ከማይክሮሶፍት ወሰደ። እነዚሁ ክፍሎች ለሌሎችም ይሸጡ ስለነበር እንደ ኮምፓክ ያሉ ኩባንያዎች ተመሳሳይ ኮምፒዩተር ሠርተው ቀረቡ። ዕቃው ሲመሳሰል ገዢው በዋጋ ብቻ ይመርጥ ጀመር፤ ፉክክሩም የሠሪዎቹን ትርፍ አመነመነ። በ1990ዎቹ አጋማሽ በሽያጭ ብዛት የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው ኮምፓክ በ2002 ለሂውሌት ፓካርድ ተሸጠ፤ አይ.ቢ.ኤም. ራሱም የግል ኮምፒዩተር ሥራውን በ2005 ለቻይናው ሌኖቮ አስተላለፈ። በአንጻሩ ከሠሪዎቹ ማንኛቸውም ቢሸጡ ክፍያ የሚደርሳቸው ኢንቴልና ማይክሮሶፍት በእነዚያ ዓመታት ከፍተኛ ትርፍ አገኙ።

እንግዲህ ነጋዴው ዋጋ ከመቀነሱ አስቀድሞ ሁለት ነገር መመርመር ይገባዋል፤ ይኸውም ከቅናሹ በኋላ ከእያንዳንዱ ዕቃ የሚተርፈው ስንት እንደሆነና፣ ደንበኛው ከሌላ ዘንድ የማያገኘው ምን እንዳለው ነው። ሁለተኛው ከሌለ፣ በቅናሽ የመጣው ደንበኛ በሌላው ቅናሽ ይሄዳል።