ከመቀነት በታች ያለው ወረፋ

የዓለም የጤና ጉባኤ ቀዶ ሕክምና የመሠረታዊ ጤና አገልግሎት አካል እንዲሆን ውሳኔ ያሳለፈው በግንቦት 2007 ዓ.ም. ነበር። ዐሥር ዓመት አልፎታል። በዚያው ዓመት ላንሴት መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን 5 ቢሊዮን ሰው አስተማማኝ ቀዶ ሕክምና አያገኝም ካለ በኋላ፣ የአንድን ሆስፒታል ብቃት በሦስት ሥራዎች እንለካ አለ፤ ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ማዋለድ፣ ሆድ ከፍቶ ማከም፣ አጥንቱ ቆዳ በስቶ የወጣ ስብራት መጠገን። ሦስቱም በ2 ሰዓት ጉዞ ውስጥ ይገኙ ተባለ። መለኪያው መጥፎ አይደለም። ቡአውን በሽርጥ ሸፍኖ ዓመታት የሚቀመጠውን ሰው ግን አያየውም።

ነገሌ ቦረናን ብዙ አንባቢ የሚያስታውሳት ወታደሮች በምግብና በውኃ ተማርረው በጥር 1966 ዓ.ም. ባነሡት ዐመፅ ነው። ዛሬ የምሥራቅ ቦረና ዞን መቀመጫ ናት፤ ሆስፒታልም አላት። በክብረ መንግሥትና በቦሬ አድርጎ ለሪፈር ሃዋሳ ለመድረስ ግን ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ መሄድ ያስፈልጋል። ይህን ርቀት ከአንድ ሕመም ጋር ብቻ አስተያዩት። የወጣት ቆለጥ በገመዱ ላይ ሲጠመዘዝ ደም ይቋረጥበታል፤ በ6 ሰዓት ውስጥ ከተፈታ አብዛኛውን ጊዜ ይተርፋል፣ አንድ ቀን ካደረ ግን የሚቀረው ማውጣት ነው። ልጁ አፍሮ ለእናቱ ሳይናገር የሚያድርባት ሌሊት፣ ከዚያ ሪፈር ተጽፎለት መኪና የሚጠብቅባት ጠዋት፣ ሁለቱ ሲደመሩ ስድስቱ ሰዓት አልቋል። ስለዚህ ይህ ሥራ ሪፈር የሚባልለት አይደለም፤ እዚያው ነገሌ፣ እዚያው ፊልቱ፣ እዚያው ያቤሎና ሞያሌ መሠራት አለበት።

ማን ይሠራዋል? እዚህ ላይ ነው የሙያው ክርክር። ኢትዮጵያ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ጤና መኮንኖችን በሁለተኛ ዲግሪ እያሠለጠነች የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ባለሙያ አድርጋ ወደ ወረዳ ትልካለች። የታሰበው በዋናነት ለእናቶች ነበር። በተግባር ግን ስፔሻሊስት በማይረጋበት ከተማ የወንዱም ብሽሽት እነሱው እጅ ይወድቃል። ዶክተሮች ዘንድ ቅሬታ አለ፤ «ሐኪም ያልሆነ ሰው ቢላ ይያዝ?» የሚል። እኔ ይህን ጥያቄ ከወንበር ላይ መመለስ አልወድም፤ ሴራሊዮን ውስጥ ተሞክሮ በ2021 እ.ኤ.አ. ታትሟል። የብሽሽት ቡአ ያለባቸውን ወንዶች በዕጣ ለሁለት ከፍለው፣ ገሚሱን ሐኪሞች፣ ገሚሱን ሐኪም ያልሆኑ ሠልጣኞች የላላውን ቦታ በሚደግፍ መረብ ጠገኑላቸው። ከአንድ ዓመት በኋላ ቡአው የተመለሰባቸው ሐኪሞቹ ከሠሩላቸው 6.9 በመቶ፣ ሠልጣኞቹ ከሠሩላቸው 0.9 በመቶ ነበሩ። ሠልጣኞቹ ከሐኪም ይበልጣሉ ማለት አይደለም፤ አንድን ሥራ ደጋግሞ የሠራ እጅ ግን ከዲግሪው በላይ ይናገራል።

መረቡስ? ለገበያ የሚቀርበው ውድ ነው። ምሥራቅ ኡጋንዳ ውስጥ 302 ወንዶች ላይ የተደረገ ጥናት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ፣ 125 ዶላር ገደማ የሚያወጣውን መረብ ከአጎበር ጨርቅ ተቆርጦ በእንፋሎት ከጸዳ የ1 ዶላር መረብ ጋር አወዳድሮ ልዩነት አላገኘም። ከቦረና ዔላ ሥር ቆሞ ባልዲ እያቀባበለ ውኃ ለሚያወጣ ጎልማሳ ቡአ ማለት ከሰንሰለቱ መውጣት ነው፤ የመረቡ ዋጋ ለእሱ የቴክኒክ ጉዳይ አይደለም።

ሕዝቡ ብሽሽት ላይም ሆነ ቆለጥ ከረጢት ውስጥ ያበጠውን ሁሉ ቡአ ይለዋል። ውኃ የቋጠረው ሌላ ነው፤ አንጀትም የለበትም፣ ቀዶውም ቀላል ነው። በዓለም 25 ሚሊዮን ወንዶች በትንኝ በሚተላለፍ የክር ትል የተነሣ እንዲህ ያብጣሉ፤ በአገራችን ትሉ በዋናነት የምዕራቡ ቆላ፣ የጋምቤላና የቤኒሻንጉል ጣጣ ነው። የደቡቡ ቆላ ሌላ ወጥመድ አለው። ጥሬ ወተት የሚጠጣ አርብቶ አደር ትኩሳትና የቆለጥ እብጠት ይዞ ሲመጣ ብሩሴሎሲስ ሊሆን ይችላል። መድኃኒቱ ለሳምንታት የሚወሰድ አንቲባዮቲክ ነው። ይህን ሳይጠረጥር ቢላ ያነሣ ሰው ያለ ጥፋቱ የታመመን ቆለጥ ያወጣል።

ግርዛትን በሁለት ነገር ብቻ ልለፈው። ቦረና ዘንድ ከገዳ ደረጃዎች ጋር የተሳሰረ ሥርዓት ስለሆነ እንደ ክሊኒክ አገልግሎት ብቻ ሊታይ አይችልም። የሽንት ቀዳዳው ከጫፉ ሳይሆን ከሥር የተከፈተ ሕፃን ደግሞ ከቶ መገረዝ የለበትም፤ ሸለፈቱ በኋላ ቀዳዳውን ለመጠገን የሚያገለግል ቆዳ ነው። ይህ ጥገና እና በመኪና አደጋ የተበጠሰ የሽንት ቧንቧ የስፔሻሊስት ሥራ ናቸው፤ እዚህ ሪፈሩ ይገባል። ያልወረደ ቆለጥ ዓመት ከመንፈቅ ሳይሞላው ቢወርድለት ይሻላል። የቆለጥ ደም ሥር ማበጥ ሕክምናና የዘር ቧንቧ መቋጠር በቆላው ገና የከተማ ወሬ ናቸው።

የሽማግሌዎቹ ፕሮስቴት ይቀራል። በሽንት ቧንቧ በኩል የሚሠራው መሣሪያ ትልልቅ ከተማ ውስጥ ነው ያለው፤ ወረዳ ሆስፒታል ቢሠራው ሆድ ተከፍቶ ነው። እስከዚያ ሰውየው ካቴተር አንጠልጥሎ ይመላለሳል። ቀጠሮው ደርሶ ከገባም አንዱ ማደንዘዣ ባለሙያና አንዱ የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ የሁሉም ናቸው። ምጥ የጠናባት ሴት ስትመጣ፣ እንደሚገባውም፣ ቀዳሚዋ እሷ ናት። ሽማግሌው ሳይበላ ሳይጠጣ ያደረበት ቀን ይሻርና ለመጪው ሳምንት ይቀጠራል።